መለኪያውና ሐቁ



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ፊዚክስም ገብቶበታል። ቀመር ግን የለበትም፤ ስለዚህ አትሽሹኝ። ሻያችሁን ያዙና ቀስ እያልን አብረን እንሂድ።

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ከመድረሳው ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ መማሬን ከሰው ሰምቷል። እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ ቮልቴጅ ሲለካ ዜሮው የት እንደሚሆን የምንመርጠው እኛ ነን። ሰዓት ከየት እንደሚጀምር የምንመርጠው እኛ ነን። አቅጣጫዎችን የሰየምናቸውም እኛ ነን። መለኪያው ሁሉ የእኛ ምርጫ ከሆነ ሐቅ ለሚባለው ነገር ምን ተረፈለት? ሁሉም በየራሱ መለኪያ ትክክል ነው ማለት አይደለም ወይ?»

መጀመሪያ የክፍል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ስንጨዋወት ግን ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ነገር ወጣ። እናቱ ከሞቱ ዓመት አልሞላም። እሱ ደሴ ሆኖ ሦስት ዓመት አስታሟቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ሪያድ ሆኖ 11 ዓመት ገንዘብ ልኳል። ከሁለቱ በቀር ወራሽ የለም። በቤቱ ምክንያት ግን ስምንት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ታላቁ «ግድግዳው የቆመው በእኔ ላብ ነው» ይላል። ታናሹ «ሌሊቱን ሙሉ የቆምኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። (ልጁን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፤ «ሌላ ሰው ከጠቀመ ጻፈው» ብሎኛል።)

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በእኛ አነጋገር ሐቅ ሁለት ነገር ነው፤ እውነት ማለት ነው፣ የሰው ድርሻ ማለትም ነው። «ሐቁ ይህ ነው» እንላለን፤ «ሐቄን ስጠኝ» እንላለን። የመጀመሪያው ሐቅ ከሌለ ሁለተኛውም የለም። እውነት የየሰዉ አመለካከት ብቻ ከሆነ የተበደለ ሰው ምን ይዞ ይጠይቃል?

ለወጣቱ በራሱ ትምህርት ልመልስለት ሞከርኩ። ለእናንተም እንደዚያው።

ከሰዓት እንጀምር። የሪያድና የደሴ ሰዓት በዓለም አቆጣጠር እኩል ነው። ግን ሪያድ ያለው ወንድም «ማታ በ8 እደውላለሁ» ሲል ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት እናት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ አቅፋ ጠብቃለች! ሁለቱ አቆጣጠሮች በ6 ሰዓት ይለያያሉ። ሆኖም ጥሪው 20 ደቂቃ ከፈጀ በሁለቱም 20 ደቂቃ ነው። ሁሉንም ሰዓት አንድ ላይ ብትገፉት የጥሪው ርዝመት አይነካም። ፊዚክስ ይህን ሲሜትሪ ይለዋል፤ አንዱን ነገር ለውጣችሁ ሌላው ሳይለወጥ ሲቆይ ማለት ነው።

ጎሚስታ ቤት ያለውን ጌጅም አስቡት። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስ ጌጁ ዜሮ ይላል። ጎማው ውስጥ ምንም አየር የለም ማለት ግን አይደለም፤ ውስጡ እንደ ውጭው አየር ሆነ ማለት ነው። ዜሮውን እዚያ ያደረግነው ለሥራ ስለሚመቸን ነው። የመብራት ሽቦ ላይ የምታርፍ ወፍም እንደዚሁ ናት። ሽቦው ብዙ ሺህ ቮልት ቢሸከምም ሁለቱ እግሮቿ ያረፉት እኩል ቮልት ላይ ስለሆነ አትነካም። የሚገድለው ልዩነቱ ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ወጣቱ ትክክል ነው። ዜሮው የእኛ ነው። ግን አያችሁ? ዜሮው የእኛ ሆኖም ጥሪው 20 ደቂቃ ነው፤ ሽቦውና መሬቱን አንድ ላይ የነካ ሰውም ይሞታል። ምርጫችን የማይደርስበት ነገር ከመጀመሪያውም አለ።

አሁን ነገሩን እናክብደው። ሁሉም አንድ ላይ ሰዓቱን ከመግፋት ይልቅ እያንዳንዱ መንደር የየራሱን ዜሮ ይምረጥ እንበል። ደሴ ለብቻዋ፣ ኮምቦልቻ ለብቻዋ፣ ሐይቅ ለብቻዋ። ይህም ይቻላል። ነገር ግን የደሴን «3 ሰዓት» እና የሐይቅን «3 ሰዓት» ዝም ብሎ ማወዳደር ቀረ። በየመንገዱ ላይ «ከዚህ ወደዚያ ስትሄድ ይህን ያህል ጨምር፣ ይህን ያህል ቀንስ» የሚል ነገር ያስፈልጋል። ይህን አገናኝ እንበለው።

ጌጅ ፊልድ ቲዮሪ የሚባለው የፊዚክስ ክፍል ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱን መለኪያ የመምረጥ ነፃነት ስጡት። ነፃነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚያሻግር አገናኝ የግድ ይላል። የሚገርመው አገናኙ የወረቀት ሒሳብ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። መብራት የምናበራበት የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ኮምፓስ የሚያዞረው የማግኔት ኃይል የሚገለጸው በዚሁ አገናኝ ነው። መለኪያን የመምረጥ ነፃነት እውነትን አላጠፋም። እንዲያውም «መለኪያዎቹን ማን ያገናኛቸዋል?» ብለን ስንጠይቅ ነው ኃይሉ ራሱ የተገኘው።

ሙስሊም ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ቂብላን አስቡት። አዲስ አበባ ሆኖ የሚሰግድ ሰው ወደ ሰሜን ዞሮ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ሐረር ያለው ወደ ሰሜን ዞሮ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ጃካርታ ያለው በአመዛኙ ወደ ምዕራብ ይዞራል። በኮምፓሱ ቁጥር ካየናቸው ሁሉም ተለያይተዋል። ግን ማንም «ሐረሬው ሌላ ቂብላ አለው» አይልም። ቁጥሩ የቦታው ነው፤ ቂብላው አንድ ነው። የአዲስ አበባን ቁጥር ይዞ ጃካርታ ላይ የሚሰግድ ሰው ቁጥሩን ጠብቆ ቂብላውን ሳተ።

ቁጥሩን ከቦታ ወደ ቦታ ማሻገር ግን ቀላል ሥራ አይደለም። አል-ቢሩኒ የከተሞችን መገኛ ስለ መወሰን የጻፈውንና በ1025 የጨረሰውን መጽሐፍ የደከመበት አንዱ ምክንያት የጋዝና ከተማን ቂብላ በትክክል ለማስላት ነበር። ምድር ክብ ናትና ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለው መስመር ምድር ላይ አጭሩ መንገድ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ሙስሊሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ተራውን የግድግዳ ካርታ የሚያይ «ቂብላው ደቡብ ምሥራቅ ነው» ይላል። በክቧ ምድር ላይ አጭሩን መንገድ የሚያሰላ ደግሞ ለብዙዎቹ ከተሞች ሰሜን ምሥራቅ ያገኛል። ሁለቱም «ቀጥታ» ይላሉ። ጠባቸው ከካዕባ ጋር አልነበረም፤ «ቀጥታ» ማለት ምን እንደሆነ አለመስማማታቸው ነበር።

ክብነቱ የሚያደርገውን ሌላ ነገር ደግሞ ተመልከቱ። በሐሳብ ዱላ ይዛችሁ ኬንያ ውስጥ የምድር ወገብ ላይ ቁሙ፤ ዱላው ወደ ሰሜን ያመልክት። ፈጽሞ ሳታዞሩት እስከ ሰሜን ዋልታ ሂዱ። ከዚያ ዱላውን እንደያዛችሁ፣ እጃችሁን ሳታዞሩ፣ በሌላ መስመር ወደ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች እስከ ምድር ወገብ ውረዱ። ከዚያም በምድር ወገብ ላይ ወደ ኬንያ ተመለሱ። ሰሜን ያመለክት የነበረው ዱላ አሁን ምሥራቅ ያመለክታል። በየእርምጃው ምንም አላዞራችሁትም፤ ዞሮ ግን አገኛችሁት። ያዞረው እጃችሁ አይደለም፤ የሄዳችሁበት ምድር ጉብጠት ነው።

የጂኦሜትሪ ሰዎች ይህን ጉብጠት ይለኩታል። ጌጅ ቲዮሪ ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ የሚባለው የአገናኙ ጉብጠት ነው። መለኪያችሁን እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፣ ዱላው ስንት ዲግሪ እንደዞረ አትቀይሩትም። ይህ ከምርጫችን ውጭ ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ ሰው አእምሮ የገባው በስህተት በር መሆኑን ስታውቁ ትገረማላችሁ። በ1918 ጀርመናዊው ሄርማን ቫይል የርዝመት መለኪያ ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር ሊለወጥ ይችላል አለ። ሐሳቡ ውብ ነበር። አንስታይን ውበቱን አድንቆ ስህተቱን ነገረው። እንደዚያ ቢሆን አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አተሞች በተለያየ መንገድ መጥተው ሲገናኙ የተለያየ ብርሃን በሰጡ ነበር፤ እኛ ግን የምናየው አንድ ዓይነት ብርሃን ነው። ዓመታት አለፉ፤ የኳንተም ፊዚክስ መጣ። ቫይል በ1929 ሐሳቡን አስተካክሎ ተመለሰ፤ የሚሻገረው ርዝመት ሳይሆን ፌዝ ነው አለ። ፌዝ ማለት በየነጥቡ እንዳለች ትንሽ የሰዓት ዘንግ ያለ ነገር ነው። በ1954 ያንግና ሚልስ የተባሉ ሁለት ሰዎች አስፋፉት። በ1979 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ከሦስቱ አንዱ ፓኪስታናዊው ዐብዱሰላም ነበር፤ ሥራቸው የኤሌክትሪክና የማግኔትን ኃይል ደካማው ከሚባለው የኒውክሌር ኃይል ጋር በዚሁ መንገድ ማገናኘት ነው። ዛሬ ከሚታወቁት አራት መሠረታዊ ኃይሎች ሦስቱ የሚጻፉት በጌጅ ቲዮሪ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ቫይል ሲተች አልተኳረፈም፤ ሐሳቡንም አልጣለም፤ አረመው። ሁለተኛ፣ ፊዚሲስቶቹ በዚህ መንገድ ሲደክሙ የሒሳብ ሰዎች ተፈጥሮን ሳይጠይቁ ያንኑ ጂኦሜትሪ ለብቻቸው ሠርተው ጨርሰው ነበር። ያንግ በኋላ ይህን ሲረዳ ተደንቆ ለሒሳቡ ሊቅ ለቸርን «እናንተ ይህን ከምን አመጣችሁት?» ዓይነት ነገር ሲለው፣ ቸርን እነዚህ ነገሮች ሰው ያለማቸው አይደሉም፣ እውን ናቸው በሚል መንፈስ መልሶለታል። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ከደረሱ ቦታው ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቶፖሎጂ እንለፍ። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ጠዋፍ ያደረገ ሰው ያውቀዋል። ጠዋፍ ሰባት ዙር ነው። ካዕባ አጠገብ የዞረና ፎቅ ላይ የዞረ ሰው የተጓዙት ርቀት በጣም ይለያያል። አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ በሰው ብዛት እየተገፋ እየተጠማዘዘ ዞሯል። ቁጥሩ ግን ለሁለቱም ሰባት ነው። ስድስት ተኩል አይባልም። መንገዱን ብታጣምሙት፣ ብታሰፉት፣ ብታጠቡት ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቤቱን አቋርጣችሁ ካለፋችሁ ብቻ ነው። ለዚህም ነው አብዛኞቹ ዑለማዎች በሒጅር ኢስማዒል ውስጥ አቋርጦ ያለፈ ሰው ዙሩ አይቆጠርለትም ያሉት። ሒጅሩ የቤቱ ክፍል ስለሆነ ያ ሰው ቤቱን አልዞረም። ቶፖሎጂ የሚያጠናው እንዲህ ያለውን ነው፤ በመለጠጥና በማጣመም የማይጠፋውን።

ፊዚክስ ውስጥ ይህ በሚገርም መልኩ ይታያል። በ1959 አሃሮኖቭና ቦህም የተባሉ ሁለት ሰዎች እንዲህ አሉ። የማግኔት መስኩ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የታሸገ ቀጭን ጥቅልል ሽቦ ይኑር። የኤሌክትሮን ጨረር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በግራው፣ አንዱ በቀኙ ይለፍና ኋላ ይገናኝ። ኤሌክትሮኖቹ ማግኔቱን አልነኩትም፤ ባለፉበት ቦታ ሁሉ መስኩ ዜሮ ነው። ሲገናኙ ግን ልዩነት ይታይባቸዋል። በ1986 ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ማግኔቱን በጥንቃቄ ሸፍነው ሞከሩት፤ ልዩነቱ ታየ። በየእርምጃው ብትፈትሹ ምንም የለም። መንገዱ ግን አንድ ነገር ከቦ ስለነበር ዙሩ ሲዘጋ ነገሩ ተገለጠ። በአንድ ነጥብ ላይ ቆመው የማያዩት፣ ዙሩን ሲጨርሱ ብቻ የሚያዩት እውነት አለ።

አንድ ይቀረኛል። ምድር ላይ በየነጥቡ ወደ ቂብላ የሚያመለክት ቀስት ብንተክል ሁሉም ቦታ ይሠራል፤ ከሁለት ቦታ በቀር። አንዱ ራሱ ካዕባ ነው፤ ውስጡ ላለ ሰው አቅጣጫው ሁሉ ቂብላ ነው። ሌላው በምድር ተቃራኒ በኩል ደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች አካባቢ ያለው ነጥብ ነው፤ ከዚያ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ርቀቱ እኩል ነው። ይህ የካዕባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክብ በሆነ ነገር ላይ ቀስቶችን ሁሉም ቦታ ሳይቋረጡ መትከል እንደማይቻል በሒሳብ ተረጋግጧል። የሆነ ቦታ ይቋረጣሉ። ለካርታም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ካርታ ክቧን ምድር ሳይቀድድ አይሸፍናትም። ቢያንስ ሁለት ካርታ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በሚደራረቡበት ቦታ ላይ ደግሞ አንዱን ወደ ሌላው የሚተረጉም ታማኝ ደንብ። ጌጅ ቲዮሪም ነጠላ የማግኔት ዋልታን በሒሳብ ሲገልጽ እንዲሁ አንድ መግለጫ ስለማይበቃው ሁለት ይጠቀማል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ኤሌክትሮን የሥነ ምግባር መምህር አይደለም። የሃይማኖታችን ምስክር አድርጌ ፊዚክስን ላቀርብላችሁም አልፈልግም። የዛሬ ቀመር ነገ ሊታረም ይችላል፤ ቫይልም ታርሟል። ምሳሌ ማስረጃ አይደለም። ግን ወጣቱ «መለኪያ የምርጫ ጉዳይ ከሆነ ሐቅ የለም» ሲለኝ ማስረጃ አድርጎ ያመጣው ራሱ ፊዚክስን ነበር። ፊዚክስ ደግሞ እንደዚያ አላለም። እሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ መለኪያውን ለውጥ፤ የተለወጠው ያንተ ነበር፣ ያልተለወጠው የነገሩ ነው።

ሰው በዚህ ጉዳይ በሁለት በኩል ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነበርና ልንገራችሁ። ከመድረሳ በወጣሁበት ዓመት አንድ ሽማግሌ ሶላት ላይ እጃቸውን ከእምብርታቸው በታች አድርገው አየሁ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ሰው ፊት አረምኳቸው። እሳቸው የተማሩበት መዝሀብ እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ግን የእኔ ቁጥር ብቸኛው ቁጥር መስሎኝ ነበር። ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እጄን የት እንዳስቀመጥኩ ጠየቅከኝ። እጄ የሰው ገንዘብ ይዞ እንደሆነ ግን አልጠየቅከኝም» አሉኝ። የዚያን ቀን ኪሴ ውስጥ የጓደኛዬ ብር ነበር፤ «እመልሳለሁ» ካልኩበት ቀን ሁለት ወር ያለፈው። የመለኪያውን ልዩነት ሐቅ አድርጌ እየጮህኩ፣ ሐቁን ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የዘመናችን ነው። «ሁሉም እንደ አመለካከቱ ነው» ይባላል። ይህን ማን መቼ እንደሚለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የሚለው ዕዳ ያለበት ነው። ገንዘቡን የተቀማ ሰው እንደዚያ ሲል አልሰማሁም። መለኪያ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በየትኛውም መለኪያ ብትቆጥሩት የተወሰደው ተወስዷል። ሰዓቱ የሀበሻም ሆነ የፈረንጅ እናቲቱ የጠበቀችው ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው።

ታዲያ ለሁለቱ ወንድማማቾች ምን ተባለ?

ወጣቱን አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «ጠባችሁን ራስህን ወንድምህ አድርገህ ንገረኝ። ሪያድ ሆነህ፣ በሪያድ መለኪያ።» ዝም አለ። ከዚያ ጀመረ። በ50 ዲግሪ ሙቀት ስለሚሠራ ሰው አወራ። እናቱ ሲሞቱ ለቀብር መድረስ ስላልቻለ፣ በስልክ ለቅሶ ስለተቀመጠ ሰው አወራ። 11 ዓመት የላከው ብር ከሚስቱና ከልጆቹ ላይ የተቀነሰ መሆኑን አወራ። መሀል ላይ ድምፁ ተቆራረጠ። ያ ዱላ ዞሮ ነበር። ወንድሙ «የተለወጠ» መስሎት ነበር፤ በየእርምጃው ግን ወንድሙ ራሱን አላዞረም፤ የሄደበት ምድር ጎባጣ ነበር። የእሱም ምድር እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ቦታ ተነስተው በተለያየ መንገድ ሄደው እናታቸው ቤት በር ላይ ሲገናኙ ዱላቸው የተለያየ አቅጣጫ ቢያመለክት ምን ይገርማል?

ከዚያ በሁለቱም መለኪያ ከነገረኝ በኋላ ያልተለወጠውን ለየን።

የውርሱ ድርሻ አልተለወጠም፤ ሁለት ወንድ ልጆች ከእናታቸው እኩል ይወርሳሉ። የላከም ያስታመመም አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። ለግድግዳው የተላከው ብርም ሐቅ አለው፤ ለእናት ስጦታ ከሆነ የእናት ሆኗል፤ ብድር ከነበረ ደግሞ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላል። ይህን የሚወስነው የዛሬ ስሜታቸው አይደለም፤ ያን ጊዜ የተባለው ቃል፣ ካለም ወረቀቱና ምስክሩ ነው። የሌሊቱ ጥበቃና የበረሃው ላብ ግን ወደ ካሬ ሜትር አይመነዘሩም። እነሱን እርስ በርስ የሚያገናኝ መለኪያ በእኛ እጅ የለም፤ ምንዳቸው አላህ ዘንድ ነው። ጠቡ ይህን ያህል የከፋው አንዱ ሌሊቱን፣ አንዱ ላቡን በቤቱ ግድግዳ ሊያስከፍል ስለሞከረ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም በሁለቱም መለኪያ አልተለወጠም። ስምንት ወር። በሀበሻም በሪያድም ሰዓት ስምንት ወር ወንድም ከወንድሙ ተቆርጧል።

ነገሩ አልቋል ብዬ ላስደስታችሁ አልችልም። የብሩ ጉዳይ ገና እየተጣራ ነው፤ ምናልባት ለታናሹ የማይመች መልስ ይመጣ ይሆናል። ማክሰኞ ማታ ግን ወጣቱ ደወለለት። «በ8 ሰዓት» ተባብለው ሳይሆን፣ «ከዒሻ ሶላት በኋላ» ተባብለው። ሁለቱም የሚያውቁትን መለኪያ አገኙ ማለት ነው። ረጅም ሰዓት አላወሩም አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ጁሙዓ ከአንድ ሰው ጋር ያላችሁን ጠብ አንሡና ይህን ሞክሩ። መጀመሪያ በራሳችሁ መለኪያ ንገሩት። ቀጥሎ በዚያ ሰው መለኪያ ንገሩት፤ እሱ ቢሰማ «አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት» በሚልበት መንገድ፤ አታጭበርብሩ። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ያለው ነገር ከመለኪያ የመጣ ነውና ለቀቅ አድርጉት። በሁለቱም ላይ ሳይለወጥ የቀረው ሐቅ ነው። የእናንተ ከሆነ በወጉ ጠይቁት። የእሱ ከሆነ ዛሬውኑ ስጡት፤ ኪሳችሁ ውስጥ ከሆነማ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ።

ደግሞም ሰውን በአንድ ነጥብ ላይ አይታችሁ አትፍረዱ። ዙሩን አልጨረሳችሁም ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ ውስጥ የታሸገውን አላያችሁትም ይሆናል።

መለኪያችንን እንደ መለኪያ የምናይበትን ትሕትና፣ ሐቅን እንደ ሐቅ የምንይዝበትን ድፍረት አላህ ይስጠን። የተቆረጠ ዝምድና ያለበትን ሁሉ ያቀጥልለት። ለወንድማማቾቹ እናት በዱዓችሁ ራሕመት ለምኑላቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ።